ኔቭና ቤቭ፣ ቻናል አሥራ ስምንት

ጃንዋሪ 4 ቀን 2015፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ። ሮስ የሻይ ፔርሙሷን ታቅፋ ከካራቫኑ፣ በመኪና ከሚጎተተው የጉዞ ቤታቸው፣ ኋላ ቆማለች። መኪናው ተነሥቶ ይንተከተካል። ኔቪል እንደ ልማዱ ተጎታቹን ከመኪናው ጋር ያያያዘበትን ሰንሰለት ደጋግሞ ይነካካል። ልጁ ጃኔልና የልጅ ልጁ ፖፒ ከኋላ ወንበር ገብተው በብስኩት ይጣላሉ።

ጽሑፉ አሁንም እቦታው ነው። ስንዝር በሚያህል ሰማያዊ ፊደል፣ በካራቫኑ ጀርባ ላይ፦

«ኔቭና ቤቭ። ቻናል 18።»

ኔቭ ማለት ኔቪል ነው፣ ባሏ። ቤቭ ግን እሷ አይደለችም። ቤቭ ከሞተች አራት ዓመት ያለፋት የመጀመሪያ ሚስቱ ናት።

በዚያ መንገድ ካራቫን የሚጎትት ሰው ሁሉ ስሙንና የመገናኛ ሬድዮውን ቻናል ከኋላ ይለጥፋል፤ ጎማው ቢተነፍስ ተከታዩ እንዲነግረው፣ ወይም ወሬ ያማረው መንገደኛ በስሙ እንዲጠራው። ሮስ ጽሑፉን እንዲያነሣው የጠየቀችው በሴፕቴምበር ነበር። «ከመሄዳችን በፊት እልጠዋለሁ» አላት። ከዚያ ዝናብ ሆነ። ከዚያ ወገቡን አመመው። ከዚያ ገና ደረሰ።

«እንሂድ፣ ሆዴ?» አለ ኔቪል፣ እጁን በሱሪው እየጠረገ፣ ወደ ጽሑፉ ላለማየት እየተጠነቀቀ።

«እንሂድ» አለች።

ሮስ ስድሳ ዓመት ሞልቷታል። ቅናት የልጃገረድ በሽታ ነው፣ አልፎኛል ብላ ለራሷ ነግራ ነበር። ውሸቷን ነበር። በሕይወት ያለች ጣውንት ቢሆን ሰው መላ አያጣም፤ ይሰዳደባል፣ ይኳረፋል፣ አንድ ቀን ገበያ ላይ ተገናኝቶ ጫማዋን አይቶ ይስቃል። የሞተች ጣውንት ግን አታረጅም፣ አትወፍርም፣ ወጥ አታሳርርም። ክፉ ቃል ቢወጣሽ ሙት ወቃሽ ትባያለሽ። እንግዲህ ከማን ጋር ትጣዪ?

ሮስ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በዚህ የባሕር ዳር መንገድ፣ ኔቪልና ቤቭ በየዓመቱ ከመኖሪያቸው ከዳፕቶ እስከ ኢደን በሚወርዱበት መንገድ፣ ሰው ፊት ቆሞ «ይቺ ሮስ ናት፣ ባለቤቴ ናት» እንዲላት። ሲጋቡ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የነበሩት ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ሌላው ዓለም አልሰማም።

ካያማን አልፈው ባሕሩ በሮስ መስኮት በኩል ብቅ ሲል ሬድዮው ተንኮሻኮሸ።

«ኔቭና ቤቭ፣ ኔቭና ቤቭ፣ ትሰሙኛላችሁ? ነጩ ቶዮታ ነኝ፣ ከኋላችሁ።»

ኔቪል መናገሪያውን ከፍ አደረገ። «እሰማሃለሁ ወንድሜ፣ ቀጥል።»

«ኬልቪን እባላለሁ። ካራቫንህ ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም፣ አትደንግጥ። ሚስቴ ዳፍኒ ተኝታብኝ አፌ ዝጎ ነው የጠራሁህ።»

«ታድለሃል። የኔዎቹ አይተኙልኝም።»

ሰውየው በሬድዮው ውስጥ ተንከተከተ። «ለመሆኑ የምትነዳው አንተ ነህ ወይስ ቤቭ?»

«መሪው እኔ እጅ ነው» አለ ኔቪል። «ወዴት እንደምሄድ የምታዘው ግን ቤቭ ናት።»

ኬልቪን አሁንም ሳቀ። ኔቪልም ሳቀ። ከዚያ አጠገቡ ማን እንደተቀመጠች ትዝ አለው፤ ሳቁን ጉሮሮው ላይ ያዘው።

ከኋላ የፖፒ ድምፅ መጣ። ሰባት ዓመቷ ነው። «እማ፣ አያቴ ቤቭ ሞታ የለ እንዴ? ታዲያ እንዴት ነው የምታዘው?»

«ዝም በይ ፖፒ፣ ብስኩትሽን ብዪ» አለች ጃኔል።

ጥቂት መንገድ ሄዱ።

«ከአፌ አመለጠኝ፣ ሮስ» አለ ኔቪል። «ሃያ ዓመት የተናገርኩት ቀልድ ነው። አፌ ለምዶት ነው።»

«አፍህ ብዙ ነገር ለምዷል።»

«ታዲያ ምን ልበለው? የማላውቀውን ሰው፣ መኪና እየነዳ፣ መርዶ ላርዳው?»

«‹ሮስ ናት› ማለት ትችል ነበር። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩህም።»

ጃኔል ወደ ፊት ተንጠራራች። «ሮስ፣ እንኳን ሰው፣ የተለጠፈ ፕላስቲክም ያስቀናሽ ጀመር?»

 ሮስ ወደ ባሕሩ ዞረች። ባሕሩም ቢሆን የቤቭ ነበር፤ በቤታቸው ሳሎን በተሰቀለው ፎቶ ላይ ቤቭ ቆማ የምትስቀው በዚሁ ኩርባ ላይ ነው።

ኡላዱላ፣ የካራቫኖች ማረፊያው ሲደርሱ ሰዉ ምሳ ሊያበስል ተሰናድቶ ነበር። ካራቫን ወደ ኋላ እየሄደ ቦታው ሊገባ ሲል ሰፈሩ ሁሉ ወንበሩን ያዞራል፤ ቢራውን ይዞ ያያል። ነጻ ትያትር ነው። ባል ይነዳል፣ ሚስት ከኋላ ቆማ በእጇ ትመራለች፤ ሲጋጩ ሰዉ ያጨበጭባል፣ ሲጣሉ ደግሞ የበለጠ ያጨበጭባል። ቤቭ በዚህ ስመ ጥር ነበረች። ጣቷን ብቻ እያንቀሳቀሰች በመርፌ ቀዳዳ ታስገባው ነበር ይባላል።

ሮስ ሃያ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድታለች። ወደ ኋላ መሄድን የሚያስተምራት የለም። ወርዳ በግራ በኩል ቆመች፣ እጇን አነሣች። በዚያው ቅጽበት ጃኔል በቀኝ በኩል ወርዳ ቆመች፤ እንደ እናቷ ጣቷን ማጠፍና መዘርጋት ጀመረች።

ኔቪል ያየው የቀኙን መስታወት ነው።

«ወደ ግራ! ኔቭ፣ ወደ ግራ!» አለች ሮስ። ካራቫኑ ወደ ቀኝ ሄደ። ጃኔል ጣቷን አጠፈች፤ ቆመ። ዘረጋች፤ ተንቀሳቀሰ። ሮስ እጇን ዘርግታ የቆመችው እንደ ልብስ መስቀያ ነበር። ካራቫኑ ቦታው ላይ ልክ ሲል አንድ ባለ ቁምጣ ሽማግሌ ጽሑፉን አንብቦ ከወንበሩ ሳይነሣ ጮኸ፦ «አቤት ቤቭ! ልጅሽን አሠልጥነሽ አንቺ ጡረታ ወጣሽ ማለት ነው?»

ሰዉ ሳቀ። ሮስም ሰው ፊት ስለነበረች ሳቀች።

ሻይ ልታፈላ ወደ ውስጥ ገባች። የኩባያዎቹ መንጠቆ ከጭንቅላቷ በላይ ነው። ኔቪል የመታው በቤቭ ቁመት ነው፤ ቤቭ ረጅም ነበረች። ሮስ አንድ የወተት ሳጥን ገልብጣ እሱ ላይ ቆማ ነው ኩባያ የምታወርደው። አምና ለመጀመሪያ ጊዜ ካራቫኑ ውስጥ ሻይ ስታፈላ ኔቪል ሳጥኑን አምጥቶ «ይኸው፣ ዙፋንሽ» ብሏት ነበር። ያኔ አስቋት ነበር።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ኔቪል ቋሊማ እየጠበሰ ሳለ የጎረቤቱ ካራቫን በር ተከፈተና በቀቀኖች የተሳሉበት ሸሚዝ የለበሰ ቀጭን ሰውዬ ወጣ። ከኋላው አንዲት ወፍራም ሴት የዘቢብ ኬክ በሰሐን ይዛ ትከተለዋለች።

«ነጩ ቶዮታ ነኝ» አለ ሰውየው። «ኬልቪን። ይቺ ደግሞ የተኛችው ናት።»

ዳፍኒ ኬኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ቀጥታ ወደ ሮስ ሄደች፤ ሁለት እጇን ያዘች። «ቤቭ! ከነቃሁ ጀምሮ ጀርባሽን ሳነብ ነው የመጣሁት። ፊትሽን ላየው ጓጉቼ ነበር!»

ሮስ ወደ ኔቪል አየች።

ኔቪል ቋሊማ መገልበጫውን ይዞ ቆሟል። አፉ ተከፈተ። ሮስ ጠበቀች። አሁን ይናገራል፤ አሁን። ፊቱ እንደ ቋሊማው ቀላ። «ተቀመጡ እንጂ» አለ። «ሽንኩርት ይጨመርላችሁ?»

ያን ጊዜ በሮስ ውስጥ አንድ ነገር ቅዝቅዝ አለ።

«አዎ፣ ቤቭ ነኝ» አለች። «ተቀመጪ፣ ዳፍኒ።»

የጃኔል ሹካ ሳሩ ላይ ወደቀ። ፖፒ አፏን ልትከፍት ስትል ጃኔል አንድ ሙሉ ቁራጭ ኬክ አጎረሰቻት።

ዳፍኒ እንደ ማንኛውም የካራቫን ሴት ሁለተኛ ጥያቄዋ የት ተገናኛችሁ የሚል ነበር። ሮስ ወንበሯን አመቻቸች። መቅናት ከጀመረችበት ቀን ጀምሮ የቤቭን ነገር ስትለቅም ኖራለች፤ ከኔቪል አንዱን፣ ከጃኔል ሌላውን፣ ከእህቱ ደግሞ የቀረውን። ሰው ጠላቱን እንደሚያጠናው አጥንታታለች። ባሏ እንኳ ቤቭን እሷን ያህል አያውቃትም።

«ካያማ ነው» አለች ሮስ። «የዋናተኞች ክበብ ውስጥ፣ ዓርብ ማታ። የሥጋ ሎተሪ ነበር። አንድ ትሪ ሙሉ ሥጋ፣ ጎድኑ፣ ቋሊማው፣ ሁሉ ነገር። የኔ ቲኬት አረንጓዴ ነው። የዚህ ሰውዬ ከኔ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው፣ በአንድ ነው የሚበልጠኝ። ሲጠራ እሱ ወጣለት። እኔ ተነሣሁና ሰው ሁሉ እየሰማ ‹ሌባ!› አልኩት።»

«ወይኔ!» አለች ዳፍኒ።

«ቲኬቴን መታጠቢያ ቤት ስሄድ ጠረጴዛው ላይ ትቼው ነበራ። ለውጦታል ብዬ ነው። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹ሌባ ብሆን ከቋሊማው ጋር አብሬ አንቺንም እሰርቅ ነበር።›»

ኬልቪን ጠረጴዛውን በእጁ መታ። «ጎበዝ! እኔ ዳፍኒን ያገኘኋት ጥርስ ሐኪም ቤት ነው፤ ያኔም አፌን መክፈት አልቻልኩም።»

«ከዚያ ትሪውን ሙሉ ሰጥቶኝ ጾሙን አደረ።»

«ግማሹን ነው የሰጠሁት» አለ ኔቪል፣ በቀስታ።

ሮስ ዞር ብላ አየችው። ቋሊማው እያረረ ነው። እሱ ግን ቋሊማውን አያይም፤ እሷን ያያል። ከተጋቡ ወዲህ እንደዚያ አይቷት አያውቅም። ዓይኖቹ ውኃ ሞልተው፣ ሰፍተው፣ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ዓይን ሆነዋል። ሮስ መጀመሪያ ደስ አላት። ወዲያው ገባት። ያ አስተያየት የሷ አይደለም። እንደዚያ እንዲያያት የሌላ ሴት ታሪክ መልበስ ነበረባት። ከቀኑ ቅናት ሁሉ የከፋው ይሄኛው ነበር።

«ሙሉውን ነው» አለች፣ ጥርሷን ነክሳ። «አንተ ሁልጊዜ ስትናገረው ታሳንሰዋለህ።»

«እማዬም ልክ እንደዚህ ነበር የምትለው!» አለች ጃኔል።

ካለች በኋላ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ዳፍኒ ሮስን አየች፤ ጃኔልን አየች። «እማዬም... ትል ነበር?»

ፖፒ ኬኩን ውጣ ጨርሳ ነበር፤ ማንም ግን አልጠየቃትም።  ኔቪል በአንድ ቀልድ ሊያልፈው ይችል ነበር፤ በእንዲህ ያለ ነገር አዋቂ ነው። ሮስ አልረዳችውም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሳሩን አየች።

ኔቪል መገልበጫውን አስቀመጠ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ቤቭ ከሞተች አራት ዓመት አልፏታል» አለ። «ይቺ ሮስ ናት። ባለቤቴ ናት። ጠዋት በሬድዮ የነገርኩህ ልክ አልነበረም፣ ኬልቪን። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ነው እንደዚያ ያልኩት።»

ዳፍኒ ባሏን በናፕኪን ክንዱ ላይ መታችው። «አንተ ነህ! ‹ቤቭ ነች የምታዘው› እያልክ!»

«እኔ የተጻፈውን አነበብኩ! ማንበብ ወንጀል ነው እንዴ?» ኬልቪን ጭንቅላቱን አከከ። ከዚያ ወደ ኔቪል ጠጋ ብሎ ጠየቀ፦ «እና አሁን መንገድ የምታዝህ የቷ ናት?»

«ሁለቱም» አለ ኔቪል።

ሁሉም ሳቁ፤ ጃኔል እንኳ ሳቀች፣ እያለቀሰች። ሮስ አልሳቀችም። የፈለገችውን ሰምታለች፤ ቃል በቃል፣ ሰው ፊት፣ በባሕሩ ዳር። ጆሮዋ ግን የያዘው የመጨረሻውን ቃል ነው። ሁለቱም።

በማግሥቱ ጠዋት ስትነሣ ኔቪል አልጋው ላይ የለም። የፀጉር ማድረቂያዋም የለም። ወጥታ ብታይ ከካራቫኑ ኋላ ተንበርክኮ ፊደሎቹን በማድረቂያው እያሞቀ በጥፍሩ ይልጣል። «ቤቭ» የሚለው ወልቆ ሳሩ ላይ ወድቋል፤ ሰማያዊው ፕላስቲክ እንደ ድንች ልጣጭ ተጠቅልሏል። ጃኔል በሌሊት ልብሷ ቆማ ታያለች፤ አልከለከለችውም።

ኔቪል ማድረቂያውን አጠፋና ወደ ኋላ አለ። ሦስቱም አዩት።

ካራቫኑ ብዙ በጋ ያየ ነው። ነጩ ቀለም በፀሐይ ወይቦ ክሬም መስሏል። ፊደሎቹ የነበሩበት ቦታ ግን ፀሐይ ነክቶት ስለማያውቅ እንደ ተገዛበት ቀን ነጭ ነው። ስሙ ቁጭ ብሏል። «ቤቭ።» ከበፊቱ ይልቅ ይነበባል።

ኔቪል የመኪና ሰም አምጥቶ ፈተገው። ባሰበት። በቤኪንግ ሶዳ ፈተገው። ጭራሽ አበራ። ላብ በላብ ሆኖ እንደ ጥፋተኛ ልጅ ወደ ሮስ ዞረ።

«አልወጣ አለች» አለ።

ሮስ አፏን በእጇ ሸፈነች። መጀመሪያ ልታለቅስ መስሏት ነበር። የመጣው ሳቅ ነው፤ ከሆዷ፣ እየጮኸች፣ የጎረቤት ሰዎች ጭንቅላታቸውን እስኪያወጡ።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ» አለች ትንፋሿ ሲመለስላት፣ «ይቺ ሴትዮ ግትር ናት።»

«ግትር እንኳን» አለች ጃኔል። «አንድ ጊዜ ናውራ በገበያ ኤግዚቢሽን ላይ የዘቢብ ኬክ ውድድር ዳኞችን ‹አንደኛ መሆኔን ሳትፈርሙልኝ አልወጣም› ብላ አዳራሹ ውስጥ ተዘግቶባታል።»

ይህን ሮስ አልሰማችም ነበር። በለቀመችው ውስጥ አልነበረም። «ታዲያ ፈረሙላት?»

«ሦስተኛ ሰጧት። እስከ ዕለተ ሞቷ አልታረቀቻቸውም።»

ሮስ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ቤቭ ሰምታ ያላረረችው ያን ጊዜ ነው፤ ሦስተኛ መውጣቷ ደስ ብሏት ነበር።

ቤትማንስ ቤይ ላይ ማስታወቂያ የሚሠራ አንድ ሱቅ ክፍት አገኙ። የሱቁ ልጅ ፊደሉን ቆርጦ ለመጨረስ አንድ የተጠበሰ ድንች የመብላት ያህል ጊዜ አልወሰደበትም። በነሱ ፊደል ሁለቱም ስም ሦስት ሦስት ሆሄ ነው፤ ኔቪል አዲሱን ስም በአሮጌው ጥላ ላይ ለካ፣ ደገመ፣ ለጠፈው። ልክ ለልክ አልገጠመም። ከ«ሮስ» ጠርዝ ሥር የ«ቤቭ» ነጭ በቀጭኑ ይታያል፤ እንደ ውስጥ ልብስ ዳንቴል።

«ሌላ ሰፋ ያለ ፊደል እንዲቆርጥ ልንገረው?» አለ።

«ተወው» አለች ሮስ። ልቧ ግን አልተወውም። በየማደያው ስትወርድ ጠርዙን ታየው ነበር።

ከናሩማ ወደ ደቡብ ሬድዮው ተንኮሻኮሸ።

«ኔቭና ቤ... ቆይ፣ ቆይ፣ ዳፍኒ አትምቺኝ፣ እየነዳሁ ነው። ኔቭና ሮስ! ኔቭና ሮስ፣ ትሰሙኛላችሁ?»

ኔቪል እጁን ወደ መናገሪያው ሰደደ። ሮስ ቀደመችው።

«ሮስ ነኝ፣ ኬልቪን። ቀጥል።»

«ማን ነው የሚነዳው፣ እሱ ነው ወይስ አንቺ?»

ሮስ ባሏን አየች። ኔቪል መንገዱን እያየ ፈገግ ብሏል፤ ምን እንደምትል እሱም አያውቅም።

«እስከ ኢደን እሱ ነው» አለች። «ሲመለስ እኔ ነኝ። ወደ ኋላ ሲገባም እኔ ነኝ የምነዳው፣ እሱ ወርዶ ይምራኝ። ወንበርህን አዙረህ ጠብቀኝ።»

ከኋላ ጃኔል «አባዬ፣ አለቀልህ» አለች።

ኔቪል በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ግቢው ውስጥ ሣር ሲያጭድ ወድቆ ሞተ። የተቀበረው ዳፕቶ፣ ቤቭ አጠገብ ነው፤ ቤቭ ስትሞት ድንጋዩ ላይ የሁለቱም ስም አብሮ ተቀርጾ ነበር፣ የጎደለው የሱ ቀን ብቻ ነው። በሚቀጥለው ጃንዋሪ ሮስ የወተት ሳጥኑን ጭና፣ ካራቫኑን ራሷ እየነዳች፣ ከጃኔልና ከፖፒ ጋር ወደ ኢደን ወረደች። ከኋላ ያለውን ጽሑፍ አልለወጠችውም።